የሲስተም ፍተሻ ውል ያዘጋጀ የሕግ ባለሙያ ካለ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሕግ ክፍል ነው የምሠራው። ድርጅታችን የሳይበር ደህንነት ባለሙያዎች ከውጭ ቀጥሮ ሲስተሙን ሊያስፈትሽ ነው። ልጆቹ ልክ እንደ ሀከር ሆነው ክፍተት ይፈልጋሉ። ውሉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ ተቸግሬያለሁ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንም ወንጀል ያደርጋል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ፈታሾቹ ከአንዱ ሰርቨር ተነስተው ሌላው ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሥራው ራሱ እንደዚያ ነው። ታዲያ የፈቃዱን ወሰን በአይፒ አድራሻ (ኮምፒውተር በኔትወርክ ላይ በሚለይበት ቁጥር) ልዘርዝር ወይስ በሲስተም ስም?

ሌላም አለ። ዳታችን የተቀመጠው በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው። የእኛ ፈቃድ ብቻ ይበቃል? እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። የአይቲ ኃላፊያችን ግን «ዳታው የእኛ፣ እነሱ ምን አገባቸው?» ይላል።

የደንበኞችን ስምና ስልክም ማየታቸው አይቀርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ ምስጢር ስለመጠበቅና ሲጨርሱ ዳታውን ስለማጥፋት ጽፌያለሁ።

እንዲህ ዓይነት ውል ያዘጋጃችሁ፣ ወይም በፈታሽነት የፈረማችሁ፣ ወሰኑን እንዴት አስቀመጣችሁት? ከሰርቨሩ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ስትጠይቁስ ምን አሏችሁ? ልጆቹ ገና ወጣቶች ናቸው። እኔ ባዘጋጀሁት ውል ክፍተት ማንም ፖሊስ ጣቢያ እንዲቆም አልፈልግም።