ልጄ አፍንጫውን እየጎረጎረ ይነስረዋል፤ ምን ላድርግ?

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አፍንጫውን መጎርጎር አልተው ብሏል። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይነስረዋል፤ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው። ቤታችን አስፋልት ዳር ነው፣ ፊት ለፊት ግንባታ አለ፤ ንፍጡ ራሱ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። አንዳንዴ ያወጣውን ይበላዋል፣ ይጎዳው ይሆን? ሲነስረው ጎረቤቶቼ «ቀና አድርጊው፣ አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት» ይሉኛል። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ነርሷ፣ ካዛንቺስ፦
እህቴ፣ በፍጹም ቀና አታድርጊው። ደሙ ወደ ጉሮሮው ይወርድና ያስመልሰዋል። አስቀምጪው፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ በአፉ ይተንፍስ። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣትሽ ግጥም አድርገሽ ያዢ፤ ሰዓት እያየሽ 10 ደቂቃ ሙሉ። ብዙ ሰው በየመሃሉ ለቀቅ አድርጎ «ቆመ እንዴ?» ብሎ ያያል። ያኔ መርጋት የጀመረው ደም እንደገና ይፈሳል። ካልቆመ ሌላ 10 ደቂቃ ድገሚው። አፉ ውስጥ የገባውን ደም ይትፋው። አናቱ ላይ የሚፈሰው ውሃ ልጁን ከማስደንገጥ በቀር ጥቅም የለውም።

አብዛኛው የልጆች ነስር የሚመጣው ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ ፊተኛ ጫፍ ነው። እዚያ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገናኛሉ፣ ሽፋናቸውም ስስ ነው። ጥፍር ይቧጭረዋል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ያሳክካል፣ ልጁም መልሶ ይጎረጉረዋል። ስለዚህ እጁን መምታት ዋጋ የለውም፤ አፍንጫው እንዳይደርቅ አድርጊ።

ፋርማሲስቱ፣ ሜክሲኮ፦
ስለ ንፍጡ እኔ ልጨምር። አብዛኛው ውሃ ነው፤ የሚያሟልጨው ሙሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጀርም የሚዋጉ ነገሮችም አሉበት። አቧራና ጭስ ይይዛል፣ ጥቁረቱም ከዚያ ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ቀስ እያሉ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ሁላችንም ቀኑን ሙሉ ሳይታወቀን እንውጠዋለን። ስለዚህ መብላቱ አያስጨንቅሽ። የሚያሳስበው ጣቱ ነው። ከ10 ሰው በሦስቱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ቆዳው ካልተላጠ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሲላጥ ግን ቁስል ያመረቅዛል። የጉንፋን ቫይረስም በጣት ይገባል። በፈረንጆቹ 2023 በታተመ፣ ሆላንድ ውስጥ በጤና ሠራተኞች ላይ በተሠራ ጥናት አፍንጫቸውን ከሚጎረጉሩት 17 በመቶ፣ ከማይጎረጉሩት ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ኮቪድ ይዟቸው ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን ልብ ይሏል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ፒያሳ፦
የኔ እህት፣ አይዞሽ። ከተማችን ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በጋ ሲገባ አየሩ ድርቅ ይላል፣ አቧራው ሲጨመርበት የልጅ አፍንጫ አይችለውም። እኔ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቼ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟበታለሁ። ለብ ሲል ጠብታ ጠብታ በየቀዳዳው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይናፈጣል። በየቀኑ አዲስ አፍዪ። ማታ ስትተኙ በትንሿ ጣትሽ ጫፍ ስስ ቫዝሊን መግቢያው ላይ ብቻ ቀቢው፣ ወደ ውስጥ አትግፊው። ጥፍሩን እስከ ሥሩ ቁረጪ። ከሰልና ዕጣን ስታጨሺ ደግሞ መስኮት ክፈቺ፣ ልጁንም አርቂው።

ወንድም፣ ለገሃር፦
እኔስ? አፍንጫዬ ውስጥ ብጉንጅ ወጥቶብኝ ያመኛል። ላፍርጠው?

ነርሷ፣ ካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ እንዳትነካው! ከዚያ አካባቢ የሚነሱ ደም መላሾች ጭንቅላት ውስጥ ካሉት ጋር ይገናኛሉ። አልፎ አልፎም ቢሆን ኢንፌክሽኑ ወደዚያ ሊዘልቅ ይችላል። በሙቅ ጨርቅ ያዝበትና ሐኪም ይየው። ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይንህ አካባቢ ካበጠ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሐኪም ቤት መውሰድ ያለብኝ መቼ ነው?

ነርሷ፣ ካዛንቺስ፦
አጥብቀሽ ይዘሽው 20 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ ወዲያው። ድዱ የሚደማ ወይም ሳይመታ ሰውነቱ የሚበልዝ ከሆነም አታቆዪው፣ ደሙ ይመርመር። አሁን ደግሞ በባትሪ ቀኙን ቀዳዳ እዪለት። በአንድ በኩል ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ካለው ባቄላ ወይም ዶቃ ከቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በወረንጦ አትሞክሪ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ያውጣው።