አስቸኳይ፦ ከሳሿ እኔ፣ ዋስትና አስይዢ የተባልኩትም እኔ (ለንደን ፍርድ ቤት)

ሰሊጥ ላኪዋ፦ እባካችሁ የእንግሊዝ ሕግ የሚያውቅ ካለ ቶሎ። ለንደን ያለ ገዢ ሰሊጣችንን ተረክቦ ሸጦ ገንዘቡን ከለከለን፤ እዚያው ንግድ ችሎት ከሰስነው። አሁን ጠበቆቹ «ብትሸነፉ ወጪና ኪሣራችንን ከማን እንቀበላለን?» ብለው 140 ሺህ ፓውንድ እንድናስይዝ አመልክተዋል። ማስረጃችንን ለማስገባት 14 ቀን ነበረን፣ 9ኙ አልቋል። የተበደልኩት እኔ፣ ዋስ ጥሪ የምባለውም እኔ? ጠበቃችን ስልክ አያነሳም።

ቀልደኛው፦ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። 9 ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?

ጋሽ ጡረተኛ፦ ልጄ፣ አትደንግጪ። ይህ የፈረንጅ ተንኮል አይደለም። በ1958ቱ የእኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከሳሽ ለወጪ ዋስ እንዲሰጥ የሚታዘዝበት መንገድ አለ። እንግሊዝ ሀገር የተረታ የረቺውን የጠበቃ ወጪ አብዛኛውን ይከፍላል፤ ንብረቱ ባሕር ማዶ የሆነ ከሳሽ ሲመጣ ተከሳሹ ብረታም ባዶ እጄን ነው ብሎ ይሰጋል። እኛ በችሎት ዘመናችን...

ዕቁብተኛ፦ ባንክ ጋራንቲ አስገቢ፣ በቃ።

የለንደኗ፦ እህቴ፣ እዚህ የሕግ ቢሮ ነው የምሠራው፤ ጠበቃሽ ግን አይደለሁም። «እውነቱ የእኔ ነው» እያልሽ አሥር ገጽ አትጻፊ። ማሸነፍሽ ፍጥጥ ብሎ ካልታየ በቀር ዳኛው እዚህ ላይ ፍሬ ነገሩን አይመረምርም። ማመልከቻው የትኛውን ምክንያት ነው የያዘው? አንዱ ነዋሪነታችሁ ኢትዮጵያ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የሄግ ስምምነት (ስለ ፍርድ ቤት ምርጫ በአገሮች መካከል የተደረገው) አባል ስላልሆንን በሩ ክፍት ነው፤ ግን እዚህ በናስር ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተሰጠው ፍርድ ወዲህ ውጭ መኖር ብቻውን አይበቃም፤ ፍርዱን አዲስ አበባ ለማስፈጸም እውነተኛ እንቅፋት መኖሩን ማሳየት አለባቸው። እንቅፋቱ ተጨማሪ ወጪ ብቻ ከሆነ ዋስትናውም በዚያው ልክ ያንሳል። እነሱ የሥነ ሥርዓት ሕጋችንን ቁጥር 458 ይጠቅሳሉ፤ የኢትዮጵያ ፍርድ እንግሊዝ ሀገር ካልተፈጸመ የእንግሊዝም ኢትዮጵያ አይፈጸምም የሚለውን። ሌላው ምክንያት ድርጅቱ መክፈል አይችልም የሚለው ነው። ለዚያ ኦዲት የተደረገ ሂሳብ አውጪ፤ ሂሳብ ደብቆ «አለን» ማለት አያዋጣም።

ተከራካሪው፦ መጀመሪያውኑ ፍርድ ቤት ምን ወሰዳችሁ? ግልግል ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1996ቱ የግልግል ሕጋቸው አንቀጽ 38 መሠረት የውጭ ድርጅት ስለሆናችሁ ብቻ ዋስትና አይታዘዝባችሁም ነበር።

ሰሊጥ ላኪዋ፦ የግልግል አንቀጽ የለንም፤ በፕሮፎርማና በኢሜይል ነው የሸጥነው። ያለን መጋዘንና ሁለት ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ነው። «አስይዙ ከተባልን ክሱ ይሞታል» ብልስ?

የለንደኗ፦ ያስኬዳል፤ ማስረዳቱ ግን በአንቺ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጎልድትሬይል ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባለቤቱ ለድርጅቱ ሊያበድር ይችል እንደሆነም ይታያል ብሏል። ያ ስለ ይግባኝ ነበር፣ እዚህም ይጠቀሳል። ባለአክሲዮኖቹ እነማን ናቸው?

ሰሊጥ ላኪዋ፦ እኔና ወንድሜ። እሱ ሰሚት ፎቅ እያሠራ ነው፣ ሦስተኛው ሶሌታ ተሞልቷል።

ቀልደኛው፦ ዋስትናው ተገኘ!

የለንደኗ፦ ቀልዱ እውነት አለው። ወንድምሽ ማበደር የማይችልበትን ምክንያት ከባንክ ወረቀት ጋር በራሱ ቃል ይስጥ። ካልሆነ መጠኑ ላይ ተከራከሪ፦ የወጪ ዝርዝራቸውን ጠይቂ፣ ክፍያው በየደረጃው ይሁን በዪ። ክሱ ከተጀመረ ብዙ ቆይተው ነው ያመለከቱት? ጻፊው። ስትሸነፊ የተከሳሹን ወጪ የሚከፍል ኢንሹራንስም አለ፤ ኢንሹራንስ ድርጅቱ ሰበብ ፈልጎ እንዳይሰርዘው የሚያደርግ አንቀጽ ከሌለው ግን ብዙ አትመኪበት። ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠየቅ። ጠበቃሽ ካላነሳ ቢሮውን ደውለሽ ሌላ ሰው አናግሪ።

ዕቁብተኛ፦ ባንክ ጋራንቲ አልኩ እኮ።

ተከራካሪው፦ የለንደን ባንክ ነው የሚፈልጉት። ዶላሩን አንተ ታመጣለህ?

ሰሊጥ ላኪዋ፦ ከቢሮው አንዲት ልጅ አነሳች። እመለሳለሁ።

ጋሽ ጡረተኛ፦ ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ምን ደረሰ?

ቀልደኛው፦ ፎቁስ?