ሌዲ ማክቤዝ የምትሰበረው በድንገት ነው ወይ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የሕሊና ወቀሳ በሼክስፒር «ማክቤዝ» ተውኔት ንጉሥ ደንካንን ገድለው ዙፋኑን የያዙትን ባልና ሚስት ምን እንደሚያደርጋቸው ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለት ነገር አላስኬደኝ አለ። ሌዲ ማክቤዝ እስከ ገቢር 3 ድረስ ልቧ ድንጋይ ነው። ገቢር 5 ትዕይንት 1 ላይ ግን በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን ታሻለች። መሃሉ የት ገባ? ባልየው ማክቤዝስ ያስገደለውን የጦር ጓደኛውን የባንኮን መንፈስ ካየ በኋላ ጸጸት የሚባል ቀርቶለታል? ከተውኔቱ ማስረጃ የሚሆነኝን ጠቁሙኝ።

መልስ 1

እህቴ፣ መሃሉ አለ፤ አጭር ስለሆነ ሰው ይዘለዋል እንጂ።

መጀመሪያ ገቢር 2 ትዕይንት 2ን እዪ። ባሏን ስትጠብቅ፣ ንጉሥ ደንካን ተኝቶ ሳለ አባቷን ባይመስላት ኖሮ ራሷ ትገድለው እንደነበር ትናገራለች። ድንጋዩ የተሰነጠቀው ገና ያኔ ነው። ቀጥሎ ገቢር 3 ትዕይንት 2 አለ። አሽከሩን ወደ ባሏ ልካ ብቻዋን ስትቀር አራት ስንኝ ብቻ ትናገራለች፤ ሁሉን ከፍለን ምንም አላተረፍንም፣ እንዲህ በስጋት ከመደሰት የገደልነውን ሰው መሆን ይሻል ነበር ትላለች። ወዲያው ማክቤዝ ሲገባ ፊቷን ቀይራ «የሆነው ሆኗል» ብላ ታጽናናዋለች። ይህን ቦታ አትለፊው። እውነተኛ ስሜቷ አራቱ ስንኝ ላይ ነው፤ የቀረው ለባሏ ስትል የምትለብሰው ፊት ነው።

እዚያው ትዕይንት ላይ ማክቤዝ በባንኮ ላይ ያሰበውን ይደብቃታል። ገቢር 1 ላይ በደብዳቤው «የክብሬ ተካፋይ» ያላት ሴት ከምክሩ ወጣች ማለት ነው። የባንኮ መንፈስ ከታየበት የእራት ግብዣ በኋላም እስከ ገቢር 5 ድረስ መድረክ ላይ አትታይም። ስለዚህ ስብራቱ ድንገተኛ የሚመስለው ሲብስባት ስላላየናት ነው።

አሁን ውሃውን ተከተዪ። በግድያው ሌሊት ማክቤዝ ውቅያኖስ ሁሉ እጄን አያነጻውም፣ ይልቅ ባሕሩን ደም ያደርገዋል ይላል። እሷ ደግሞ ጥቂት ውሃ ይበቃናል ትላለች። ገቢር 5 ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ እጇን ስታሽ እንዳየቻት ደንገጡሯ ለሐኪሙ ትነግረዋለች፤ የዓረብ ሽቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሽታውን አያጠፋላትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ጥቀሺ፤ አንዱ ብቻውን ብዙ አያስረዳም።

ንግግሯንም አስተውዪ። በግጥም ትናገር የነበረችው ሴት እዚህ በስድ ንባብ ነው የምትናገረው። የደንካን ደም፣ ማክቤዝ ያስገደላት የመስፍኑ የማክደፍ ሚስት፣ የባንኮ መቃብር ያለ ቅደም ተከተል ይመጡባታል። ጨለማ እንዲሸፍናት የለመነችው ሰው አሁን መብራት ከአጠገቧ እንዳይለይ ታዛለች።

መልስ 2

ስለ ማክቤዝ ልጨምር። እሱን ወቀሳው የያዘው ወዲያው ነው፤ ያውም ጉሮሮው ላይ። በግድያው ሌሊት ከጎን ክፍል ካሉት ሁለት ሰዎች አንደኛው «እግዚአብሔር ይባርከን» ሲል ሌላው «አሜን» ይላል። እሱም አሜን ሊል ይሞክራል፤ ቃሉ ግን ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ለምን እንዳቃተው ደጋግሞ ሲጠይቅ ሚስቱ እንዲህ ካሰብን እናብዳለን ትለዋለች። ያለችው የደረሰው በራሷ ላይ ነው።

ብዙ ጽሑፍ የሚሳሳተው ጩቤው ላይ ነው። በአየር የሚታየው ጩቤ ከግድያው በፊት ስለሚመጣ ለተፈጸመ በደል ማስረጃ አይሆንም፤ የሚያሳየው ሐሳቡ አእምሮውን ማቃወሱን ነው። የባንኮንም መንፈስ ጸጸት ብቻ ብለሽ አትለፊው። ማክቤዝ መንፈሱን መጀመሪያ የሚለው «እኔ አደረግሁት ልትል አትችልም» ነው። ነፍሰ ገዳይ ቀጥሮ ስላስገደለ በዚያ ይከራከራል። ይህ የንስሐ ቃል አይደለም፣ የተከሳሽ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ወቀሳው ይደነዝዛል እንጂ አይጠፋም። በዚያው ትዕይንት መጨረሻ ደም ውስጥ መሃል ድረስ ስለገባሁ መመለሱም እንደ መሻገሩ አድካሚ ነው ይላል። ገቢር 4 ላይ ልቤ ያሰበውን እጄ ወዲያው ይፈጽመዋል ብሎ የማክደፍን ቤተሰብ ያስጨርሳል። በሐሳቡና በእጁ መካከል ሕሊና የሚናገርበት ጊዜ አይተውም። ገቢር 5 ትዕይንት 5 ላይ የሴቶች ጩኸት ሲሰማ የፍርሃትን ጣዕም ረስቼዋለሁ ማለት ይቀረኛል ይላል።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ «ባልና ሚስት ቦታ ተለዋወጡ» ብል ያስኬደኛል?

መልስ 1

በከፊል ነው የሚያስኬድሽ። ምልክቱ ይተላለፋል፦ እንቅልፍ የሚያጣው እሱ ነበር፣ በእንቅልፏ የማታርፈው እሷ ሆነች። እሱ ግን እሷ የነበረችውን አይሆንም፤ ገቢር 5 ትዕይንት 3 ላይ ከአእምሮ ሥር የሰደደ ሐዘን መንቀል ትችላለህ ወይ ብሎ ሐኪሙን ይጠይቃል። ስለ ሚስቱ የጠየቀ ቢመስልም ለራሱም ነው።

ሁለቱም ነቅተው ለማንም አይናዘዙም። ለዚህ ማክደፍን ማነጻጸሪያ አድርጊው። የሚስቱንና የልጆቹን ሞት ሲሰማ በኔ ኃጢአት ነው የተመቱት ብሎ በሰው ፊት ይናገራል። ማክቤዝም በመጨረሻው ፍልሚያ ነፍሴ በወገኖችህ ደም ተጭናለች፣ ተመለስ የሚለው እሱን ብቻ ነው።