አንድ ቃል ገትሮ ያዘኝ

ትርጉም የሞከራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የሼክስፒርን «ላቭስ ሌበርስ ሎስት» የተባለ ተውኔት ከጓደኞቼ ጋር ለማንበብ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የናቫር ንጉሥና ሦስት ባልንጀሮቹ ለ3 ዓመት ሴት ላያዩ፣ በሌሊት ከ3 ሰዓት በላይ ላይተኙ ይምላሉ። የፈረንሳይ ልዕልት ከወይዛዝርቶቿ ጋር ከች ስትል መሐላው ውኃ በላው። አንዱ የፍቅር ግጥሙን ሲያነብ ሌላው ተደብቆ የሚሰማበት ቦታ ብዙም አላስቸገረኝም። እኔው ስተረጉመው ሳቄ አመለጠኝ።

የተቸከልኩት ገቢር 5፣ ትዕይንት 2 ላይ ነው። ከልዕልቷ ወይዛዝርት ሁለቱ፣ ካትሪንና ሮዛሊን፣ «ላይት» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይጎሻሸማሉ። ቃሉ ብርሃንም ነው፣ ክብደት የሌለውም ነው፣ ቅብጥብጥ ሴትም ነው። «ቀላል» ብዬ ሞከርኩ። ክብደቱንም ስድቡንም ይዞልኛል፣ «ቀላል ሴት» እንደምንለው። ግን ሮዛሊን ጠይም ናት፤ ጨለማና ብርሃን እያሉ ሲነካኩ «ቀላል» ዝም ይላል። «ፈካ ያለች» ስል ደግሞ ስድቡ ጠፍቶ ምስጋና ሆነ።

ሦስቱንም የሚሸከም አንድ ቃል አለ? ወይስ ብርሃኑን ትቼ ሌላ ሰምና ወርቅ ልፍጠር? ንባቡ ቅዳሜ ነው።