ጥቆማ፦ ለመንገድ ለሚነዳ የድሮ ማስል ካር (ትልቅ ሞተር ያለው የአሜሪካ መኪና) ስንት ቁጥር ዲፈረንሻል ይሻላል?

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ የመኪና ወዳጆች ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። "የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል አለኝ። ሞተሩ 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ካምቢዮው ተርቦ 350 የሚባለው ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ። የኋላው ዲፈረንሻል 2.73 ስለሆነ ሲነሳ ይጎተታል። 4.10 ላስገባ?"

ተው ወንድሜ። 3.55 አስገባ። ቁጥሩ የሚነግርህ ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ስንቴ እንደሚዞር ነው።

ሒሳቡን እንየው። ፍጥነቱን በማይል ያዝ፣ በዲፈረንሻሉ ቁጥር አባዛ፣ ደግመህ በ336 አባዛ፣ ከዚያ በጎማው ቁመት በኢንች አካፍል። የሚወጣው የሞተሩ ዙር በደቂቃ ነው። ጎማህ 26 ኢንች ቢሆንና በ65 ማይል ብትነዳ፣ 2.73 ወደ 2,300 ዙር ይሰጥሃል። 3.55 ወደ 3,000። 4.10 ደግሞ 3,450 ገደማ። አውቶማቲክ ስለሆነ ትንሽ ጨምርበት። በ4.10 ዙር በ95 አውራ ጎዳና ሪችመንድ ድረስ ስትሄድ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር የምታወራው እየጮህክ ነው። ቤንዚኑንማ ተወው።

ደግሞ 3.55 ትንሽ አይደለም። ከ2.73 ጋር ሲነጻጸር ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ30 በመቶ ይጨምራል። ከመብራት ስትነሳ በደንብ ይሰማሃል።

ብዙ ሰው የማያየው ካምቢዮውን ነው። የተርቦ 350 አንደኛ ማርሽ 2.52 ነው። በ4.10 ብታባዛው 10.3 ይሆናል። ነገ ገንዘብ ሲገኝ ኦቨርድራይቭ (በረጅም መንገድ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ማርሽ) ያለው 700አር4 ካምቢዮ ብትገጥምስ? የእሱ አንደኛ 3.06 ነው፤ በ3.55 ሲባዛ 10.9። ይኸው፣ 4.10 ከሚሰጥህ የበለጠ መነሻ አገኘህ። አራተኛው 0.70 ስለሆነ ደግሞ በ65 ማይል ሞተሩ 2,100 አካባቢ ላይ ዘና ብሎ ይሄዳል። 4.10 ዓርብ ማታ ድራግ (የአጭር ቀጥታ መንገድ ውድድር) ለሚወጣ ሰው ይሁን። ኦቨርድራይቭ አሁኑኑ ካለህ ግን 3.73ም አይከፋም።

ዕቃ ስትገዛ አንድ ነገር ልብ በል። በ12 ቦልቱ የጂኤም ዲፈረንሻል 2.73ን የያዘው ካሪየር (ትልቁ ጥርስ የሚታሰርበት ቤት) 3.55ን አይቀበልም፤ አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ በዚያው ፖዚ (ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው እንዲገፉ የሚያደርገውን) ግዛ። እኔ የኢተንን ነው የምመርጠው፤ ውስጡ ያሉት ክላቾች ሲያልቁ ይቀየራሉ። የኦበርኑ፣ በክላች ፈንታ ሾጣጣ ብረት (ኮን) ያለው፣ ጥሩ ይይዛል፣ ሲያልቅ ግን በአብዛኛው ሙሉውን መተካት ነው። ለጥርሱ ሪችመንድ፣ ዩኮንና ሞቲቭ የሚባሉት ፋብሪካዎች ሁሉም ያስኬዳሉ። "ፕሮ ጊር" የሚባለውን ግን አትንካ። ብረቱ ለውድድር ተብሎ ለስለስ ያለ ስለሆነ መንገድ ላይ ቶሎ ያልቃል። ያገለገለ ጥርስም ሰው በነፃ ቢሰጥህ አልመክርህም፤ ሲያፏጭ ይኖራል።

የት ይሠራ? ዘይትና ፍሬን የሚሠራልህ የሰፈር ጋራዥ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሥራ ግን ዲፈረንሻል ብቻ ለሚሠራ ቤት ስጥ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በሺህኛ ኢንች ነው፤ ለብዙዎቹ አዲስ ጥርሶች ከ6 እስከ 10። እኔ ርካሽ ብዬ የሰጠሁት አንድ ጋራዥ ሳይለካ አሰረው። ከ40 ማይል በላይ እንደ ሳይረን ይጮህ ነበር። አሁን ሁለት ነገር ሳላይ አልከፍልም፦ የተለካው ቁጥር በጽሑፍ፣ ጥርሱ ላይ የተቀባው ቢጫ ቀለም ያሳየው አሻራ ደግሞ በፎቶ። አሻራው መሐል ላይ ካረፈ ደህና ነው። ኩሽኔታዎቹም አዲስ ይሁኑ።

የፎርድ 9 ኢንች ዲፈረንሻል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። መሐሉን በፊት በኩል ፈታችሁ ብቻውን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ የእጅ ዋጋው ይቀንሳል።

ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ማይል ቀስ ብለህ ንዳና በደንብ ይቀዝቅዝ። እስከ 500 ማይል አትርገጠው፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይር። ክላች ያለው ፖዚ ካስገባህ ለእሱ የሚጨመረውን ቅባት እንዳትረሳ። የካምቢዮው የፍጥነት መቁጠሪያ ጥርስም ይቀየር፤ አለበለዚያ ጌጁ 65 ሲልህ አንተ 50 ላይ ነህ።