ኤጀንሲ ሲቀየር የአገልግሎት ዘመናችን ምን ይሆናል?

ጠያቂ፦ የጽዳት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በጽዳት ሥራ አራት ዓመት ከሦስት ወር አገልግያለሁ፤ ደመወዜን የሚከፍለኝ ግን ባንኩ ሳይሆን ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ነው። ባለፈው ወር ባንኩ ጨረታ አውጥቶ ሌላ ኤጀንሲ አሸነፈ። እኛም የቀድሞውን ኤጀንሲ ስም ከጋዋናችን ላይ በምላጭ ፈትተን እዚያው ቅርንጫፍ መሥራታችንን ቀጠልን፤ ክሩ የወጣበት ቦታ እስካሁን ይታያል። አዲሱ ኤጀንሲ የ60 ቀን የሙከራ ጊዜ ያለበት ውል ፈርሙ ብሎናል። የቀድሞው ደግሞ «ከባንኩ ጋር ያለን ውል ስላለቀ የእናንተም አብሮ አልቋል» ከማለት በቀር ምንም አልከፈለንም፤ እኔ ያልወሰድኩት የዓመት ዕረፍት አለኝ። አራቱ ዓመታት እንዲሁ ቀሩ ማለት ነው?

መልስ 1፦ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አሠሪሽ ማን እንደሆነ እንለይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ኤጀንሲ ሁለት ዓይነት ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ አንዱ ሥራ ፈላጊንና አሠሪን አገናኝቶ መውጣት ሲሆን፣ ሌላው ሠራተኛውን ራሱ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ማሠማራት ነው። ያንቺ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ባንኩ በየቀኑ ቢያዝሽም በሕግ አሠሪሽ ውል የፈረመልሽ ኤጀንሲ ነው። ስለዚህ ባንኩ ጨረታ ስለቀየረ ብቻ የቀድሞው ኤጀንሲ ከግዴታው ነጻ አይሆንም። ሕጉ የሥራ ውልን በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጥረው፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ ነው የሚል አሠሪ ሕጉ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ መሆኑን ማሳየት አለበት። የፈረምሽውን ውል አውጥተሽ አንብቢው።

ያልተጠቀምሽበት የዓመት ዕረፍት ውሉ ሲቋረጥ በገንዘብ ይታሰባል፤ በዚህ ክርክር የለም። የስንብት ክፍያ የሚገባሽ ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ስለሚታከል፣ ለአራት ዓመት ወደ 60 ቀን ደመወዝ ይደርሳል። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ነበረበት። ጥያቄውን ግን አታዘግዪ፤ የደመወዝና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል።

የሙከራ ጊዜው ቅር ቢያሰኝም፣ አዲሱ ኤጀንሲ ሌላ አሠሪ በመሆኑ ሕጉ አይከለክለውም።

መልስ 2፦ የሰው ኃይል ኃላፊ (ኤጀንሲ በሚጠቀም ድርጅት)

ከእኛ ወገን ያለውንም ልጨምር። ድርጅቶች ጥበቃና ጽዳትን ለኤጀንሲ የሚሰጡት ቅጥሩን፣ ተተኪ ማፈላለጉንና የዲሲፕሊን ጉዳዩን ከራሳቸው ላይ ለማውረድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ሲታይ ነው። ለ3,000 ብር ደመወዝተኛ አሠሪው 330 ብር የጡረታ መዋጮ (11 በመቶ) ይከፍላል፤ ከሠራተኛውም 210 ብር (7 በመቶ) ይቆረጣል። በዚያ ላይ የደንብ ልብስ፣ ዕረፍት ለወጣ ሰው ተተኪ፣ የኤጀንሲው አገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ይህን ሁሉ የማይሸፍን ዋጋ አቅርቦ የሚያሸንፍ ኤጀንሲ ጉድለቱን የሚሞላው ከዕረፍታችሁ ወይም ከጡረታችሁ ነው። እኛ ይህን ካየን በኋላ የሠራተኛውን ደመወዝ በጨረታ ሰነዱ ላይ ቆርጠን አስቀምጠን፣ ተጫራቾች በአገልግሎት ክፍያቸው ብቻ እንዲወዳደሩ አደረግን። በየወሩም የጡረታ ገቢ ደረሰኝ ሳያቀርቡ ሒሳብ አንከፍልም። ባንኩን ይህን እንዲያደርግ በጋራ ብትጠይቁት ተገቢ ይመስለኛል።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። የቀድሞው ኤጀንሲ አስተባባሪ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ማመልከቻ ካልጻፍን የሥራ ልምድ ማስረጃ አልሰጥም ብሎናል። ሁለት ጓደኞቼ ጽፈው ሰጥተዋል።

መልስ 3፦ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

እህቴ፣ አደራሽን አትጻፊ። በገዛ ፈቃድ መልቀቅ የስንብት ክፍያ የሚያስገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ላገለገለ ሰው ስለሆነ፣ አራት ዓመት ከሦስት ወር ላይ ያን ወረቀት መፈረም መብትሽን በእጅሽ መስጠት ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ አሠሪ ያለ ክፍያና ያለ ቅድመ ሁኔታ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢና ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊበት፤ እንቢ ካሉ ያንኑ ቅጂ፣ ውልሽንና የደመወዝ ወረቀቶችሽን ይዘሽ ወደ ክፍለ ከተማሽ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ጓደኞችሽም እንዴትና በማን ግፊት እንደጻፉ ሳይረሱት ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩት።