አባቴ ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» ብሎ አልመረመርም አለኝ

ጥያቄ (የመርካቶዋ ልጅ፣ ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 58 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ትንሽ ሱቅ አለው። ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም ማየት ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ለማናችንም አልነገረንም። እናቴ ልብሱን ስታጥብ ነው ያወቀችው። አንድ ክሊኒክ ሄዶ ሰገራ ሰጠ፣ አሜባ አለብህ ተባለ። ኪኒኑን ሲጨርስ ትንሽ ተሻለው፤ ከዚያ ደሙ ተመለሰ። አሁን የሚቀባ የባህል መድኃኒት ይዟል። ትናንት ሱሪውን ሲለብስ ቀበቶውን አየሁት። በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶበታል። እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ኪንታሮት ነው፣ ተይኝ» ይለኛል። እውነት ኪንታሮት ብቻ ይሆን? ከየት ልጀምር?

ነርስ ነኝ
አይዞሽ እህቴ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው አለበት። ግን ሳይታይ ኪንታሮት ነው አይባልም። ኪንታሮት ያለበት ሰው የአንጀት ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል። አሜባም እንዲሁ ነው። «ተሻለኝ» ማለታቸውም አያዘናጋሽ፤ ዕጢ ደሙን አንዴ ቆም፣ አንዴ ቀጠል ያደርጋል።

እስቲ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። የሆዳቸው ልማድ ተለውጧል? ድርቀት ወይም ተቅማጥ ሳምንታት ቆይቷል? ሰገራቸው ቀጥኗል? ወጥተው ሲመለሱ «ገና አለብኝ» የሚል ስሜት አለ? ደማቅ ቀይ ሆኖ ጠብ ጠብ የሚል ደም ብዙ ጊዜ የኪንታሮት ነው። ግን ፊንጢጣ አጠገብ ያለ ዕጢም እንደዚያው ይደማልና በቀለሙ አትፍረዱ። ክብደት መቀነስ ደግሞ የኪንታሮት ጠባይ አይደለም። ቀበቶው ያስደነገጠሽ በትክክል ነው።

ሰው የማይጠረጥረው ደም ማነስን ነው። በቀኝ በኩል ያለ የትልቁ አንጀት ዕጢ በዓይን የማይታይ ደም ለወራት ያፈሳል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ ይገረጣል፣ እርጅና ነው ይባላል። በወንድ ወይም የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ የብረት እጥረት ከተገኘ ደሙ የት እንደሚሄድ መፈለግ አለበት። የብረት ኪኒን ሰጥቶ መሸኘት በቂ አይደለም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ሐኪም ጓንት አድርጎ በጣቱ ይፈትሻቸው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ የፊንጢጣ ዕጢ በጣት ይገኛል። የደም መጠናቸውም ይታይ። ከዚያ ኮሎኖስኮፒ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቱቦ ውስጡን አይተው ናሙና ይወስዳሉ። ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር አጽፉ።

ጅሬን ሰፈር
እናቴ ለእንዲህ ያለው ተልባ በማር ነበር የምትሰጠን። ሞክሪላቸው።

ነርስ ነኝ
ተልባ ለድርቀት ጥሩ ነው፣ እኔም እጠጣለሁ። ደም ባለበት ግን ምርመራው ይቅደም። ተልባው ድርቀቱን አለስልሶ ሌላ ሁለት ወር ያስረሳናል።

አጋሮ
ታላቅ ወንድሜ 41 ዓመቱ ነበር። «ሰው ፊት ሱሪዬን አላወልቅም» እያለ ዓመት ከመንፈቅ ደበቀን። ትራሱ ሥር የደረቀ ደም ያለበት ጨርቅ አጣጥፎ ያስቀምጥ ነበር፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ስንደርስ የአንጀት ካንሰር ነው፣ ጉበቱ ላይም ወጥቷል ተባልን። አፈር ከለበሰ አራት ዓመቱ ነው።

ሐኪሙ ያኔ ለእኔ የነገረኝን ልንገርሽ። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ይመርመር ይባላል፤ ቀድሞ የሚመጣውን መውሰድ ነው። ለእኔ 31 ማለት ነው፣ እኔ 36 ሆኖኝ ነበር። ስታይ ፖሊፕ፣ ማለትም አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጠት፣ ተገኘብኝና እዚያው ቆርጠው አወጡት። ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመቀየር አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይፈጃል። ወንድሜ ሆድ ውስጥም ያ ጊዜ ነበር። እባክሽ አባትሽን አትተያቸው።

የቁርጥ ወዳጅ
አላህ ያሽራቸው። ነርሷ፣ ሥጋ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

ነርስ ነኝ
በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንደ ሞርታዴላና ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ነው ብሏል። ቀይ ሥጋን «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መድቦታል። ስለዚህ ይቀነስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይብዛ። ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ኮሶ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲጋራ፣ አልኮል፣ ውፍረትና መቀመጥ ማብዛትም አሉበት። ከ50 በላይ አደጋው ይጨምራል፣ ግን የአጋሮውን ወንድማችንን ታሪክ አንብቡት።

የመርካቶዋ ልጅ
አጎቴ ነው ያሳመነልኝ፤ «እኔም አብሬህ እታያለሁ» ብሎት ሁለቱም ሄዱ። ሐኪሙ በጣቱ ሲፈትሸው ጠጠር ያለ ነገር አገኘ። የደም ማነስም ተገኘበት። ኮሎኖስኮፒው ሐሙስ ነው። አባቴ ካርዱን ደረት ኪሱ ከቶ በየሰዓቱ ያወጣዋል። ምን እናዘጋጅ?

ነርስ ነኝ
እግዜር ይርዳችሁ፣ ደግ አድርጋችኋል። የብረት ኪኒን ከጀመሩ፣ ደም የሚያቀጥን ወይም የስኳር መድኃኒት ካላቸው ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሩት። ረቡዕ ምግብ የለም፤ የጠለለ መረቅ፣ ውኃ፣ ሻይ ብቻ። ቀይ መጠጥ አይጠጡ፣ ደም መስሎ ያደናግራል። ማጽጃውን ሲጠጡ አሥር ጊዜ ቢመላለሱ አትደንግጡ፣ አንጀቱ ካልጸዳ ካሜራው አያይም። ሱቁን ረቡዕ አንቺ ያዢላቸው። ቡና መተው ካቃታቸው ደግሞ ወተት የሌለበት፣ አተላው የጠለለ አንድ ሲኒ ይፈቀድላቸዋል።